በርጩማ ተራ

ጋሼ ስልኬን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። መልሰው አራቁት። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው። ሁልጊዜም እዚያ ነው፤ ሁልጊዜም ይፈልጉታል።

«እኛ የታለን?» አሉኝ።

አልነበርንም። የመጀመሪያውን ገጽ አልፌያለሁ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ጎግል ላይ የጻፍኩት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ስቱል»። የሚመጣው ሁሉ የባሕር ማዶ መደብር ነው። ባለ ጎማ፣ ባለ ቆዳ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቤት ድረስ በነፃ የሚመጣ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አፈርኩና ስልኩን ተቀብያቸው ኪሴ ከተትኩት።

«ኔትወርኩ ነው ጋሼ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ኔትወርክ ምን እንደሆነ አያውቁም ብዬ ነበር። ያውቃሉ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ጅማ ውስጥ በርጩማ ጠርበው ነው የኖሩት። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ «የጅማ በርጩማ» ሲባል ወዲያው ይታየዋል። ሦስት እግር፣ ጎድጎድ ያለ መቀመጫ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ መጋጠሚያ የለው። ጋሼ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከዋንዛ ነው። መጀመሪያ በመጥረቢያ ቅርጹን ያወጡታል፤ ከዚያ በመሮ መቀመጫውን ይቦረቡሩታል። ከባዱ እግሮቹ ናቸው። ግንዱን ይገለብጡና በእግራቸው ቆንጠጥ አድርገው ይዘው፣ በሦስቱ እግሮች መሀል ያለውን እንጨት ቀስ እያሉ ፈልፍለው ያወጣሉ። ያን ሰዓት አያወሩም። አንዷ እግር ከተሰበረች ሙሉው ግንድ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። ቀጥዬ እጠግነዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ሲጨርሱ ሲሚንቶው ላይ ያስቀምጡትና በመዳፋቸው መቀመጫውን ሁለት ጊዜ ይመቱታል፤ ልክ እንደ ልጅ ጀርባ።

ዌብሳይቱን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አላዘዙኝም። ዩቲዩብ እያየሁ ተማርኩ፤ ማታ ማታ ፓኬጅ ሲረክስ ጠብቄ ሠራሁ። ፎቶ አነሳሁ፣ ዋጋ ጻፍኩ፣ የቴሌብር ቁጥር አስገባሁ። ቁጭ ብዬ ትእዛዝ ጠበቅሁ። አልመጣም። አንድ ወር ሙሉ ወደ ገጹ የገባነው እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። እሷም ብትሆን እንድትገባ ለምኛት ነው።

ከዚያ ነው «ኤስኢኦ» የሚባለውን ነገር የሰማሁት። ጎግል ላይ ሰው አንድ ቃል ሲጽፍ ከፊት ለመገኘት የሚደረግ ሥራ ነው ባጭሩ። ቃሉን «ኪወርድ» ይሉታል፤ ቁልፍ ቃል። ትልቅ ቃል ምረጪ ተባልኩ፤ ብዙ ሰው የሚፈልገውን። ትልቁ ቃል ደግሞ «ስቱል» ነው። በዓለም ላይ በርጩማ የሚፈልግ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ እሱን ይጽፋል። አንደኛ ብንወጣስ? አላሙዲን እንሆናለን ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ።

አንድ ዓመት ከምናምን እዚያ ቃል ላይ ተንጠለጠልኩ።

ያኔ ያልገባኝን አሁን ላውራው። የጎግል አሠራር በዝርዝር ምስጢር ቢሆንም መነሻው የታወቀ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ ያመጡት ሐሳብ ነው፤ ኩባንያውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲሰጥ፣ ማለትም ሲጫኑት ወደዚያ የሚወስድ ማያያዣ ሲያስቀምጥ፣ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል። መስካሪው ራሱ ብዙ ምስክር ያለው ከሆነ ቃሉ የበለጠ ይከብዳል። ዕድር ውስጥ የሊቀመንበሩ ቃልና የእኔ ቃል እኩል እንደማይሰማው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጨምሮበታል፤ ምስክርነቱ ግን እስካሁን ዋጋ አለው።

አሁን አስቡት። አማዞን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከጎግል ራሱ ይበልጣል በዕድሜ። የቤት ዕቃ ሻጩ ኢኬአ ስዊድን ውስጥ ሲጀመር ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1943 ነበር፤ ያኔ ጋሼም አልተወለዱ። ስንት ጋዜጣ፣ ስንት ዩኒቨርሲቲ፣ ስንት ሰው ስለ እነሱ ጽፎ ሊንክ ሰጥቷቸዋል። ለእኛ የመሰከረችልን የአክስቴ ልጅ ናት፣ ፌስቡኳ ላይ፣ እሱንም በልመና። ከዚህ ሌላ እነሱ በሺህ የሚቆጠር መሐንዲስ አላቸው፤ ገጻቸው ብልጭ ብሎ ይከፈታል። የእኔ ገጽ አንዱ ፎቶ ብቻ 4 ሜጋ ባይት ነበር። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው በርጩማውን ሳያይ ቡናው ይፈላል።

ሌላም ጉድ ነበረ። ሰርች ኮንሶል የሚባል የጎግል ነፃ መሣሪያ አለ። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንተኛ ላይ እንደታየ፣ ስንቱ ተጭኖ እንደገባ ይነግራችኋል። የ16 ወር መረጃ ያስቀምጣል። ከተማርሽው ነገር አንዱን ብቻ ያዢ ብባል እሱን እይዛለሁ። መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን የእኛ ገጽ የታየባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ለካ «ስቱል» በእንግሊዝኛ በርጩማ ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት ሰገራ አምጡ ሲባልም ቃሉ ያው ራሱ ነው። የጋሼ ዋንዛ በዓለም ገበያ ከሰገራ ምርመራ ጋር ወረፋ ይዞ ነበር።

ይህንንም አልነገርኳቸውም።

መቼም ሰው ሲጨንቀው የማይገዛው ነገር የለም። ኦንላይን ያገኘሁት አንድ ሰው 1000 ሊንክ እሸጥልሻለሁ አለኝ። አፉ ማር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነው የጀመረው፤ እኔም ወደድኩት። ከፈልኩ። ሊንኮቹ የመጡት ከቁማር፣ ከመድኃኒትና ስሙን ማንበብ ከማልችለው ቋንቋ ገጾች ነው። በላዩ ላይ «ኪወርድ ታግ»፣ ከገጹ ጀርባ ተደብቆ የሚጻፍ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ማለት ነው፣ እሞላልሻለሁ ብሎ ሌላ ብር ወሰደ። በኋላ ሳነብ፣ ጎግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የተገዛ ሊንክን እያሳደደ የሚይዘው ፔንግዊን የተባለው የጎግል ማሻሻያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ፣ ከ2016 ጀምሮ የዋናው አሠራር አካል ሆኗል። እኔ የገዛሁት ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። ድሩ አንበሳ አላሰረም፤ እኔን ግን አሰረኝ፤ የሁለት በርጩማ ዋጋ ነው የሄደው።

በራሴ ያበላሸሁትም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የጅማ በርጩማ» የሚለውን ከአርባ ጊዜ በላይ ደግሜዋለሁ። «የጅማ በርጩማ ከፈለጉ የጅማ በርጩማ የምንሸጠው እኛ የጅማ በርጩማ...»። አንድ ቀን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

ነገሩን ያስተካከለልኝ ሐሙስ ነው።

የጅማ ሐሙስ ገበያ የቆየ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ማለት ነው፣ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ጭኖ የሚመጣበት ነበር። ዛሬም ሐሙስ ሲደርስ ከተማው መላወሻ የለውም። ያን ቀን ከጋሼ ጋር ገበያ ወጥተን ነበር። ቅቤ ተራ ስንደርስ ሰው በሰው ላይ ነው። መሄጃ ጠፋ። እኔ ስለ ዌብሳይቱ እያማረርኩ ነው። ትልልቆቹ ቦታውን ይዘውታል፣ ሰው ያለው እዚያ ነው፣ እንዴት ብለን እንግባ እያልኩ።

ጋሼ ቆም አሉ። በከዘራቸው የቅቤውን ግርግር እያሳዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ በርጩማ ይዘሽ እዚህ ብትቀመጪ ማን ያይሻል?» አሉ።

«ሰው እኮ ይበዛል እዚህ።»

«ይበዛል። ቅቤ ሊገዛ ነው የመጣው።»

አለፍን። በርጩማ የሚሸጥበት ጥግ ስንደርስ ሦስት ሰው ነው ያለው። አንዷ ሴትዮ በርጩማውን ገልብጣ ከታች እግሩን እያየች ነው። ሌላው ዋጋ እየተከራከረ ነው። ሦስተኛው ይዞ እየሄደ ነው። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ማለትም አላስፈለጋቸውም።

ቁልፍ ቃል ማለት ተራ ነው። እኛ አገር ገበያ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ኮርስ አያስፈልገውም። ቅቤ ተራ አለ፣ ሸማ ተራ አለ፣ በርበሬ ተራ አለ። ሰው ወደ አንድ ተራ ሲሄድ ምን እንደሚፈልግ ወስኖ ነው የሚሄደው። «ስቱል» ተራ አይደለም፤ መናኸሪያ ነው። ሁሉም ያልፍበታል፤ ግማሹ የሚሄድበትን ገና አልወሰነም፣ ግማሹም ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው። እኔ ጋሼን መናኸሪያ በር ላይ አስቀምጬ ነው ዓመት ሙሉ የለፋሁት።

ማታውኑ ሰርች ኮንሶሉን እንደገና ከፈትኩት። አሁን ከላይ ወደ ታች አላነበብኩም። ከታች ነው የጀመርኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ከታዩት። እዚያ ታች ያለው ነገር ሌላ ዓለም ነው። «ለጀበና ቡና የሚሆን በርጩማ»። «ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር ዋጋ»። «ዱካ ከየት ይገዛል»። ዱካ! እኔ ገጹ ላይ ይህን ቃል አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። አያቴ ግን ከዱካ ሌላ ቃል አልነበራትም። አንዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «አያቴ ቤት የነበረው ባለ ሦስት እግር የኢትዮጵያ ወንበር»። ይህ ሰው ስቱል አይደለም የሚፈልገው። አያቱን ነው የሚፈልገው። ባሕር ማዶ ያለው ግዙፍ መደብር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዕቃ በአንድ ቅጽ ነው የሚሞላው፤ ቁመት፣ ስፋት፣ ቀለም። «አያቴ ቤት» የሚል ሳጥን የለውም።

ጎግል ራሱ ለዓመታት ደጋግሞ የሚናገረው ነገር አለ። በየቀኑ ከሚጠየቀው ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ተጠይቆ የማያውቅ ነው። መጀመሪያ ሳነበው እንደ ወሬ ነው ያለፍኩት። ከዚያች ሐሙስ በኋላ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። በየቀኑ አዲስ ተራ ይከፈታል ማለት ነው። አዲስ ተራ ላይ ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠ ባለሀብት የለም።

ስለዚህ ገጹን አፈረስኩት። ቃላቱን ከሰው አፍ መልቀም ጀመርኩ። ዎርክሾፑ በር ላይ ተቀምጬ ገዢው ሲገባ ምን እንደሚል እጽፋለሁ። «በርጩማ» የሚል አለ፤ «ባርጩማ» የሚል አለ፤ «ዱካ»፣ «የቡና ወንበር»፣ «አጭሯ መቀመጫ»። በላቲን ፊደል ሲጽፉት ደግሞ ጅማ ራሷ አንድ ኤም ወይም ሁለት ኤም ናት። በአማርኛም አንዱ «ጅማ» ይላል ሌላው «ጂማ»። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አላጎርኩም፤ ከአርባው ተምሬያለሁ። እንደ ሰው ወግ፣ በየቦታቸው፣ አንድ አንድ ጊዜ ነው የገቡት። በአፋን ኦሮሞም አንድ ገጽ ጻፍኩ። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል። ጅማ ተቀምጬ፣ ግማሹ ገዢያችን ባርጩማ ብሎ እየገባ፣ ገጹን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ መሥራቴ። ጎግል ትርጉም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 አፋን ኦሮሞን ጨምሯል። እኔ ከእሱም ዘግይቼ ነው የነቃሁት።

ስለ ቃል ካወራን የቡናውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አብሮኝ የተማረ ልጅ ቡና ንግድ ውስጥ ነው። «የኢትዮጵያ ቡና» በሚለው ቃል ላይ ቡና ቆልተው ከሚሸጡ ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ሲላፋ ኖሮ አንድ ቀን አንድ ቆሻሻ ጆንያ እያሳየኝ ይስቃል። ጆንያው ላይ ጅማ የተጻፈው በዲ ተጀምሮ በኤች ያልቃል። በዓለም የቡና ንግድ ያልታጠበው የጅማ ቡና የሚጠራው በዚያ በድሮው አጻጻፍ ነው፤ ደረጃ 5ቱ በተለይ። እኛ ከተማዋ ውስጥ እየኖርን እንደዚያ አንጽፈውም። በዲ ጀምሮ በኤች ጨርሶ፣ ከጎኑ 5 ቁጥር አድርጎ የሚፈልግ ሰው ግን ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የሚጠጣ አይደለም። ኮንቴይነር የሚገዛ ነው። ሁለት ፊደል ነው ልዩነቱ። ልጁ ያን ቀን ያለኝን አልረሳውም፤ «ገዢው ስሜን አሳስቶ ከጠራኝ፣ በተሳሳተው ስሜ አቤት እላለሁ።»

ከጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ ብዙ ሰው ያመጣው ስለ ዋጋ የጻፍኩት አይደለም፤ ስለ ስንጥቅ ነው። ገዢ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ይሰነጠቃል ወይ?» ሻጭ ሁሉ ደግሞ «ኧረ በፍጹም» ይላል። ጋሼ «ሊሰነጠቅ ይችላል» ነው የሚሉት። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይፈነዳል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው መድረቅ ያለበት፤ እሳቸው የሚያደርቁት ከቤቱ ጀርባ ጆንያ አልብሰው ነው። ውጭ አገር ወስደው በክረምት ማሞቂያ አጠገብ ካስቀመጡት ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃውን ይመጠዋል። ይህን ሁሉ «በርጩማ ለምን ይሰነጠቃል» ብዬ ጻፍኩት። የተሰነጠቀ በርጩማ ፎቶ ጭምር አደረግሁበት፤ የራሳችንን።

«የተበላሸ ዕቃ ፎቶ ትለጥፊብኛለሽ?» ብለው ተቆጡኝ ጋሼ። ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ሰው ግን የገባው በዚያ ገጽ ነው። ያነባል፣ ከዚያ ይደውላል። ሲደውል «ስንጥቁን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ጎግል ገጾችን ለሚመዝኑለት ሰዎች የሚሰጠው መመሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አንድ ነገር ጨምሯል፤ የጻፈው ሰው ነገሩን በራሱ ሠርቶት፣ ነክቶት ያውቃል ወይ የሚል። ጋሼን አማክሮ የጻፈው መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይሰለቸኛል። ትንሽ ነጋዴን የሚመክር ሁሉ «ታሪክህን ተናገር» ይላል። ተናገርኩ። «ስለ እኛ» የሚል ገጽ ሠርቼ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጀምሬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጻፍኩት አለ። ቆንጆ ነው። ማንም አላነበበውም። ገዢ የሚፈልገው የራሱን ጥያቄ ነው እንጂ የእኔን ታሪክ አይደለም። ሦስት እግር ለምን ሆነ የሚለው ገጽ ግን ይነበባል፤ መልሱም አጭር ነው። ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም። አራተኛው ነው የሚያወዛውዘው።

ካርታው ላይ ደግሞ ሌላ ሆነ። ጎግል ካርታ ላይ ድርጅት ማስመዝገብ ነፃ ነው። በአካባቢ ፍለጋ የሚያየው በዋናነት ሦስት ነገር እንደሆነ ራሱ ጎግል ጽፎታል፤ ከተፈለገው ነገር ጋር መገናኘቱ፣ ርቀቱ፣ መታወቁ። ርቀት የምትለዋን ሳነብ ደስ አለኝ። ባሕር ማዶ ያለው መደብር ምን ቢታወቅ ሂርማታ አጠገብ አይደለም። አዲስ አበባ ያለውም ቢሆን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጅማ ቆሞ በርጩማ የሚፈልግ ሰው እኛን ነው የሚያገኘው።

አስመዘገብኩ። ፎቶ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ልክ ነው አይደል? በሳምንቱ ሌሊት ስልክ ጮኸ። አንድ ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሌሊት ነድቶ የገባ። «ክፍት ናችሁ ይላል፣ በሩን ባንኳኳ የሚከፍት አጣሁ» ይላል። ዓይኔን እያሻሸሁ ስልኩን አየሁት። ጎግል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍተን እኩለ ቀን ላይ የምንዘጋ አድርጎናል። በእኛ ሰዓት ሞልቼ በፈረንጅ ሰዓት ተነበበ። ሰውዬው ግን ደግ ነው፤ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ጠበቀን። ጠዋት አራት በርጩማ ገዝቶ ሄደ። ሰዓቱን አስተካከልኩ፤ የዓርብ የጁምዓ ሰዓትንም ዝግ ብዬ ጨመርኩበት። ጋሼ ይህን ሲያዩ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዌብሳይቱን «የእኛ» ያሉት።

እውነቱን ለመናገር ትልልቆቹን አላሸነፍናቸውም። ለማስታወቂያ የሚከፍሉትን አንከፍልም። የገዛውን ሰው ዕቃ መልሰህ ላክ፣ ብርህን ውሰድ ማለት አንችልም። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የምንልከው በባስ ነው፤ መናኸሪያ ወስጄ፣ ለረዳቱ ብር ሰጥቼ፣ ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ለገዢው እልካለሁ። የያዝናትንም ትንሽ ቃል ነገ ይዘዋት እንደማይመጡ ማረጋገጫ የለኝም። ደግሞ የትንሽ ተራ ሰው ትንሽ ነው። «የጀበና ቡና በርጩማ» በሚለው አንደኛ ነን ብዬ ባወራ፣ በወር የሚጽፈው ሰው አንድ ሚኒባስ አይሞላም። ግን ከዚያ ሚኒባስ የሚወርደው ሰው ቡና ቤት ሊከፍት ነው፤ ስድስት ይገዛል፣ ስምንት ይገዛል።

አንድ ምሽት ይህን ለጋሼ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትልቁ ቃል አንደኛ ብንወጣ ኖሮ በቀን ስንት ሺህ ሰው ይመጣ እንደነበር ነገርኳቸው። ትንሽ የሚቆጩ መስሎኝ።

መሮውን እየሳሉ ነበር። «በሳምንት ስንት እጠርባለሁ?» አሉኝ።

«አራት። ከበረቱ አምስት።»

«የቀሩትንስ ማን ይጠርብላቸዋል? አንቺ ነሽ?»

መሮውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ መጥረጊያ አንስቼ ፍቅፋቂውን ሰበሰብኩ። ያ ሁሉ ዓመት ስለ ደረጃ ሳስብ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሁን ሥራው መልክ ይዟል። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ሰርች ኮንሶሉን እከፍትና ሰው የጻፈውን ለጋሼ አነብላቸዋለሁ። ይወዱታል፤ እንደ ዜና ነው የሚያዳምጡት። «ለእርጉዝ የሚመች በርጩማ» የሚል ሲመጣ ዝም ብለው ያስባሉ። «ከፍ ያለ ነው የሚሆነው፣ ለመነሳት» ይላሉ። በማግሥቱ ከፍ ያለ ግንድ መርጠው ሲጀምሩ አገኛቸዋለሁ። እኔም ፎቶ አንስቼ ገጽ እጽፋለሁ። ባለፈው የመጣው ግን አልገባንም፤ «የሚያለቅስ በርጩማ» ይላል። እሳቸው እርጥብ እንጨት ማለቱ ነው አሉ። እኔ ሲቀመጡበት የሚጮህ ማለቱ ነው አልኩ። እስካሁን አልተስማማንም።

አንብቤላቸው ሲተኙ ደግሞ እኔ ብቻዬን አንድ ቃል እጨምራለሁ። «ስቱል»። ልማድ ነው። ባለፈው ሐሙስ 74ኛ ነበርን፤ ከዚያ በፊት 81ኛ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።